ሞኝና ወረቀት

ከማውቃቸው ሰዎች መካከል ሁለቱ ሰሞኑን ከመቶ ዓመት በላይ በፊት በሰመጠች መርከብ ምክንያት ሊኳረፉ ደርሰው ነበር። አንደኛው የሕግ ባለሙያ ነው፤ ሌላኛው ዕድሜያቸውን በንግድ መርከብ ላይ ያሳለፉ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ መርከበኛ ናቸው። ያከራከራቸው ታይታኒክ ላይ በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍረው ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ የነበሩት አይሪሾች ለምን እንደዚያ አለቁ የሚለው ጉዳይ ነው። ነገሩን ያነሳው የሕግ ሰውየው ሲሆን፣ ያነሳውም ለመጠየቅ ሳይሆን መልሱን ለመንገር ነበር፤ ጠባዩ ነው።

«ድሆቹን ማንም አልከለከላቸውም» አለ። «ጓዛችንን ጥለን አንወጣም ብለው ነው የቀሩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ!» ብሎ ሳቀ። ከእሱ በቀር የሳቀ አልነበረም።

ማስረጃው አንድ ነው፤ እሱም በሎርድ መርሲ የተመራው የእንግሊዝ የምርመራ ችሎት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1912 ያወጣው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ላይ የተፈጸመ አድልዎ እንደሌለ፣ በብዛት የሞቱትም መርከቧን ለመልቀቅ በማመንታታቸው፣ ከጓዛቸው ለመለየት ባለመፈለጋቸውና ማደሪያቸው ሩቅ በመሆኑ ከዚያ ማውጣት አስቸጋሪ ስለነበር እንደሆነ ይገልጻል። የእነሱን ጥቅም ሊያስጠብቅ የቆመው ጠበቃ ሃርቢንሰን እንኳ ወደ ላይ እንዳይወጡ ተከልክለዋል የሚያሰኝ ማስረጃ በችሎቱ አልቀረበም ብሏል። ወዳጃችን ይህን ሁሉ ሲያወራ ሪፖርቱን ዳዊት እንደሚደግም ሰው በተመስጦ ነበር የሚጠራው። «የገዛ ጠበቃቸው ያላለውን እናንተ ከየት አመጣችሁት?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ያንኑ ተረት ደገመ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

መርከበኛው ብዙ አልተናገሩም። «ልጄ፣ የነፍስ አድን ጀልባዎቹ የት ነበሩ?» ብለው ጠየቁት።

«ላይ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሰዎቹስ?»

«ታች ናቸው።»

«እንግዲያ መንገዱን ማን አሳያቸው?»

ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረውም፤ ስለዚህ እርሳቸው ቀጠሉ። መርከቧ ኤፕሪል 11 ቀን ከአየርላንዱ የኩዊንስታውን ወደብ፣ ዛሬ ኮቭ ከሚባለው ማለት ነው፣ ራቅ ብላ መልሕቅ ስትጥል፣ በሁለት ትናንሽ ጀልባዎች እየተመላለሱ 123 ሰዎች ተሳፈሩባት፤ ከእነዚህ ውስጥ 113ቱ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች ነበሩ። ብቻቸውን የሚጓዙ ወንዶች በመርከቧ ፊት፣ ሴቶችና ቤተሰቦች ደግሞ በኋላ በኩል ተመደቡ። ከሌላው ተሳፋሪ ጋር እንዳይቀላቀሉም መተላለፊያቸው በአጥርና በበር ተለይቶ ነበር፤ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሽታን በመፍራት ይህን ያዝዝ ነበርና። ድምፅ ማጉያ አልነበረም፤ ተሳፋሪውን ወደ ጀልባ የማውጣት ልምምድም አልተደረገም። አደጋው ከደረሰ በኋላ ሃርት የተባለ አስተናጋጅ ሁለት ጊዜ ወደ ታች እየተመለሰ፣ በመጀመሪያው ዙር 30፣ በሁለተኛው 25 ያህል ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ሴቶችና ሕፃናት፣ በመተላለፊያዎቹ እየመራ አወጣ። «አየህ፣ ሰው ሲመራቸው ወጡ» አሉ መርከበኛው። «እኔ በመርከብ ላይ ይህን ያህል ዘመን ስሠራ አዲስ ሰው ያለ መሪ ከሆድ ዕቃዋ ወጥቶ ላይ ሲደርስ አላየሁም፤ ያውም በሌሊት፣ ወለሉ እያዘመመ።»

እኔ በበኩሌ ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል ባይ ነኝ። ወዳጃችን ግን ያው ሃርት ሴቶቹ «መርከቡ ላይ ብንቆይ ይሻለናል» እያሉ አስቸግረውት እንደነበር መመስከሩን ጠቅሶ፣ ተረቱን ለሦስተኛ ጊዜ አመጣት።

ይህን ጊዜ እስከዚያ ዝም ብላ ስታዳምጥ የነበረች አንዲት እህታችን፣ «ይቅርታ አድርግልኝና፣ የአንደኛ ማዕረግ ሴቶችስ ሻንጣ አልነበራቸውም?» አለችው።

ጥያቄዋ ቀልድ ይመስላል እንጂ መልሱ ከዚያው ከሚወደው ሪፖርት ውስጥ ይገኛል። ከአንደኛ ማዕረግ 144 ሴቶች 140ዎቹ ሲድኑ፣ ከሦስተኛ ማዕረግ 165 ሴቶች የዳኑት 76ቱ ብቻ ናቸው፤ ከሦስተኛ ማዕረግ 79 ሕፃናት ደግሞ የተረፉት 27 ናቸው። ሕፃን ልጅ የምን ሻንጣ አለው? ማርጋሬት ራይስ የተባለች ባሏ የሞተባት አይሪሽ ሴት አምስት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ተሳፍራ ነበር፤ የመጨረሻው ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነው። ስድስቱም ሞቱ። ያልለቀቀችው ጓዝ ቢኖር ይኸው ነው። በሜዮ አውራጃ ከምትገኘው ከአደርጉል አጥቢያ አብረው ከወጡት 14 ሰዎች 11ዱ እንደ ወጡ ቀርተዋል፤ በዚያው አጥቢያ በምትገኘው በላሃርዳን መንደር እስከ ዛሬ በየዓመቱ ደወል ይደወልላቸዋል። ወዳጃችን ለዚህ የሰጠው መልስ የአንደኛ ማዕረግ ሰዎች «የተማሩና ትእዛዝ የሚሰሙ» ናቸው የሚል ነበር፤ ትእዛዙ ማን ጋ እንደ ደረሰና ማን ጋ እንዳልደረሰ ግን አልነገረንም።

በመጨረሻ ዳንኤል በክሌይን ጠቀሰ፤ ይህ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ። በክሌይ ከኮርክ አውራጃ የመጣ የ21 ዓመት ወጣት ነው። በዚያች ሌሊት ከአልጋው ዘሎ ሲወርድ እግሩ ውኃ ነካ፤ አብረውት የተኙትን ሊቀሰቅስ ቢሞክር ሳቁበትና አንደኛው «ተመልሰህ ተኛ፣ አሁን አየርላንድ አይደለህም» አለው። በኋላ በአሜሪካ ሴኔት አጣሪዎች ፊት ቀርቦ፣ የሦስተኛ ማዕረግ ሰዎችም እንደ አንደኛውና እንደ ሁለተኛው እኩል ዕድል እንደነበራቸው መናገሩ እውነት ነው። ወዳጃችን እዚህ ላይ ያቆማል። ምስክርነቱ ግን እዚህ ላይ አያቆምም። በሩ ከተሰበረ በኋላ ማለትህ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አዎን፣ በሩ ሲሰበር ሁሉም ወደ ላይ ስለ ወጡና ስለ ተቀላቀሉ ነው ብሎ መልሷል። ከዚያም በፊት መርከበኞች ሊያግዷቸው እንደ ሞከሩ፣ ደረጃውን ሊወጣ የነበረ አንድ ተሳፋሪ ወደ ታች እንደ ተወረወረና በሩ እንደ ተቆለፈበት፣ ሰውየውም ተናዶ ቁልፉን እንደ ሰበረው ተናግሯል። እንግዲህ እኩል ዕድል የተገኘው በር በመስበር ነው። በክሌይ ራሱ የዳነው ጀልባ ውስጥ የነበረች ሴት ሻሿን ስላለበሰችው ነው፤ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሲዋጋ ፈረንሳይ ውስጥ ሞተ።

እንዲህ ያለውን ምስክር የሎርድ መርሲ ችሎት አልሰማም። ከሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች አንድም ሰው ለምስክርነት አልጠራም። ለምስክርነት የቀረቡት መደበኛ ተሳፋሪዎች የአንደኛ ማዕረጎቹ ሰር ኮስሞ ደፍ ጎርደንና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እነሱ የዳኑባት ጀልባ 40 ሰው መያዝ ስትችል 12 ሰው ብቻ ይዛ ነው የሄደችው። ያልተጠራ ሰው ማስረጃ ሳያቀርብ ሲቀር፣ «ማስረጃ አልቀረበም» ተብሎ ተጻፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይኼኔ ነው፤ ሞኙ ግን ሻንጣ የያዘው አይሪሽ አልነበረም።

የጀልባው ቁጥርም ያው ነው። ከ10,000 ቶን በላይ ለሆነ መርከብ 16 ጀልባ ይበቃል የሚል የ1894 ደንብ ነበር፤ ታይታኒክ ከ46,000 ቶን በላይ ሆና 20 ጀልባ ስለ ጫነች በወረቀት ሕግ አክባሪ ነበረች። 1,178 ሰው የሚይዙ ጀልባዎች ከ2,200 በላይ ለሆነ ሰው! ከደንቡ በላይ አሟልተናል ለማለት ግን በቂ ነው።

የእኛ ዘመን ሰው በዚህ ይስቃል እንጂ አልተሻለም። ጡረተኛ ሽማግሌ መስኮቱ ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን እያየ፣ «በሕይወት መኖርዎን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያምጡ» የሚባልበት አገር ነው ያለነው። ከጅቡቲዋ ኦቦክ ተነስቶ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባ የገለበጠበት ልጅ ሬሳው ሳይገኝ «ማን ሂድ አለው?» ብሎ ፋይሉን የሚዘጋ ሰው በየቡና ቤቱ ሞልቷል፤ አብዛኛው ደግሞ የተማረ ነው። መማር ድሃውን ለመስማት ትዕግሥት ይጨምራል ብዬ አስብ ነበር። የማየው ግን በሕይወት ቆሞ ከሚናገር ሰው ይልቅ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት የሚያምን፣ ሟችን መውቀስ አስተዋይነት የሚመስለው ትውልድ ነው። ሟች ደግሞ አይመልስም፤ ለዚህም ነው የሚወደደው።

መርከበኛው ሲሄዱ ወዳጃችን አልተሸነፈም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሪፖርቱን አትሞ እንደሚያመጣ ዝቶ ተለያየን። ያምጣው። ሲያመጣው ግን የምስክሮቹን ስም ዝርዝር የያዘውን ገጽ እንዳይረሳ፤ ከሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች አንድ ስም ካገኘበት የሁላችንንም ቡና እኔ እከፍላለሁ።