ሪባን ሳይቆረጥ ሳይንስ የለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሕንፃ ሲመረቅ ተጋብዤ ነበር። 2 ሰዓት የተባለው 5 ሰዓት ተጀመረ። ማጉረምረም ነውር ነው። የክብር እንግዳው ያላረፈደበት ምረቃ ምኑን ምረቃ ሆነ?

ሕንፃው ግን ሲያምር! ዙሪያውን ሰማያዊ መስታወት ነው። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አንድ ጣሪያ ሥር ተፋቅረው ሊመራመሩበት ነው። ፍቅራቸውንም በዓይኔ አየሁ፤ በየበሩ የየራሳቸው ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ልቤን የወሰደው ግን ማቀዝቀዣው ነው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያወርድ፣ ናሙና ለዓመታት የሚያቆይ ጉድ። እንደ አዲስ ሶፋ ላስቲኩ አልተገፈፈም። «ለምን አልተሰካም?» አልኩ፤ አፌን በቆረጠው። ለካ በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ የተመዘገበው በባዮሎጂ ስም ነው። የባዮሎጂ በር ስለጠበበው ግን ኬሚስትሪ ክፍል ገባ። ኬሚስትሪ በስሜ ያልተመዘገበ ዕቃ አልነካም አለ። ባዮሎጂ ሞዴል 22፣ የወጪ ደረሰኙ፣ ካልተቆረጠ አላስረክብም አለ። ሞዴል 22 ቆራጩ ሥልጠና ሄዷል፤ የንብረት አያያዝ ሥልጠና። እስኪመለስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ዕቃውን ልይ ቢል ቁልፉ ፊዚክስ ጋ ነው። ፊዚክስን ምን አገባው? ኤሌክትሪክ የፊዚክስ ነዋ! ኮሚቴው እስካሁን ይሰበሰባል፤ አበሉ አልተቋረጠም። ቅንጅት ይሏል ይሄ ነው።

ስለ ጄነሬተሩ ነዳጅ አልጠየቅኩም። የሰው ድግስ አላበላሽም።

እዚህ ላይ ግን ሽሙጡ ይቅርብኝ። እዚያው ግቢ አንዲት የማስተርስ ተማሪ የአፈር ናሙናዋን በመምህራን ክበብ ፍሪጅ፣ ከቢራው ጎን ታስቀምጥ ነበር። መብራት ሄደ፤ የሁለት ዓመት ልፋቷ ተበላሸ። ለሪባኑ መቀስ በብር ትሪ ይቀርባል። ለእሷ አንድ ሶኬት ጠፋ! እንዲህ ያለውን ነገር ቆመን እናጨበጭብለታለን። አናፍርም እንዴ?

ለነገሩ ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማም ሥርዓት አያውቁም ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ እሳቸው ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ አዩ። የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ፣ እንዶዱ የገደለው! ባዮሎጂው፣ ኬሚስትሪው፣ የጤናው ጉዳይ፣ የሴቶቹ ዕውቀት፣ ሁሉም እዚያው ወንዝ ዳር ተገናኘ። ሰውየውም ወንዙን ሳያስመርቁ ሥራ ጀመሩ። ድፍረት!

ከምሳ በኋላ ስንወጣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት በሩ ላይ ቆሟል። ጥበቃው «ወለሉ ተወልውሏል ወንድሜ፤ በጓሮ ዙር» አለው።

በጓሮ በኩል በር የለም።