ዝም በል አላልኩትም፣ ቀስ በል ነው ያልኩት

ኧረ ይሄ ኮምፒውተሬን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ሞደም አንጀቴን አሳረረው! ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ልጅ ተኝቷል። ዋናው ኢንተርኔት ስለጠፋ በስልክ መስመር ልገባ ደወልኩ። ቁጥሩን ሲመታ፣ ቀጥሎ ያ ፉጨት፣ ያ መንጫረር፣ ሁሉም በሙሉ ድምፅ ተለቀቀ። ልጁም ብድግ።

ማንም ሰው እንደሚያደርገው የኮምፒውተሬን (ሊኑክስ ነው የምጠቀመው) ድምፅ ዜሮ አደረግኩ። ወይ ፍንክች! አልሳሚክሰር የሚባለውን የሊኑክስ ድምፅ ማስተካከያ ከፍቼ ያገኘሁትን ሁሉ ዘጋሁ። አሁንም ይጮሃል። ስንት ሰዓት የማይሆን በር ሳንኳኳ እንደቆየሁ የገባኝ በኋላ ነው። የውጭ ሞደም ስፒከሩ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ድምፁ በሳውንድ ካርዱ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ የድምፅ ክፍል፣ አያልፍም። ሞደሙ የሚታዘዘው «ኤቲ» ብለው በሚጀምሩ ትዕዛዞች ብቻ ነው፤ ያ እ.ኤ.አ. በ1981 ሄይስ ስማርትሞደም ከሚባለው ሞደም ጋር የመጣው ቋንቋ።

በአሮጌው ላፕቶፔ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ሞደም፣ ማለትም ሥራውን በኮምፒውተሩ ፕሮግራም የሚያሠራ ሞደም፣ ስለሆነ ድምፁ የሚወጣው በሳውንድ ካርዱ ነው። እዚያ ምንም አልሰማ ብሎኝ ስደክም፣ ለካ አልሳሚክሰር ላይ «ፎን» የሚለው ተዘግቶ ኖሯል። አንድ ዓይነት ችግር፣ ሁለት የማይገናኙ ቦታዎች!

ምክር ስጠይቅ ሁሉም የሚለኝ አንድ ነው፦ «ስፒከሩን የሚዘጋውን ትዕዛዝ፣ ኤም0 በለውና ዝም ይላል።» እኔ እኮ ዝም እንዲል አልፈለግኩም! ድምፁ ለጌጥ አይደለም። መስመሩ ሞቶ እንደሆነ፣ ተይዞ እንደሆነ፣ ቁጥር ተሳስቼ የተኛ ሰው አንስቶ «ሄሎ? ሄሎ?» እያለ እንደሆነ የማውቀው በጆሮዬ ነው። ያ ምስኪን ሰው ስልኩን ቢያነሳ ስክሪኑ የሚነግረኝ «ኖ ካሪየር» (ከሌላ ሞደም ጋር አልተገናኘም) ብቻ ነው። በኤም0 ሆኜ ስንቱን ሰው ደጋግሜ ልቀስቅስ? ለኔ የሚሆነው ኤም1 ነው፤ እስኪገናኝ ያሰማል፣ ከዚያ ይዘጋል። የድምፁን መጠን የሚወስነው ደግሞ ኤል የሚባለው ትዕዛዝ ነው። ኤል1 ዝቅተኛ፣ ኤል3 ከፍተኛ።

ለሞደም ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ፕሮግራም፣ ሚኒኮምን ከፍቼ ሞደሙን ኤል1 አልኩት። «ኦኬ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ደውሎ የሚያገናኘኝን ፕሮግራም፣ ደብሊውቪዳያልን አስነሳሁ። ያው ጩኸት! ለካ ፕሮግራሙ ለሞደሙ መጀመሪያ የሚልከው ትዕዛዝ ኤቲዜድ ነው። እሱ ሞደሙን ቀድሞ ወደተቀመጠለት ሁኔታ ይመልሰዋል፤ የኔ ኤል1 በዚያው ጠፋ። እሺ፣ ኤል1ን ከኤቲዜድ በኋላ በሚመጣው የትዕዛዝ መስመር ላይ ጻፍኩት።

ያው ጩኸት።

ኤል1፣ ኦኬ። ኤል2፣ ኦኬ። ኤል3፣ ኦኬ። ድምፁ ግን ንቅንቅ የለም። ለካ አንዳንድ ሞደም ኤልን ይቀበላል እንጂ አይሠራበትም። ድምፅ መቀነሻ ጭራሽ አልተገጠመለትም! እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። የማትችለውን ነገር ለምን «ኦኬ» ትለኛለህ? «ኤረር» የሚል መልስ አለህ እኮ! እሱን ብትለኝ በ1 ደቂቃ አውቄው እተኛ ነበር። የማይታዘዝ ማሽን አይከፋኝም። ታዘዝኩ እያለ ሌሊቱን ሙሉ የራሴን ስህተት እንድፈልግ የሚያደርገኝ ነው የከፋኝ። እንዲህ አድርጋችሁ የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ የሌለውን የለም በሉን።

አሁን የስፒከሩ ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ደርቤ ለጥፌበታለሁ። ኤም1 እንደበራ ነው። ድምፁ ታፍኖ ይሰማል፣ ልጁም አልነቃም።