ካሜራዬን ለሞከሩልኝ ጥበቃዎች

አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚቸግረው የሚሞክርለት ማጣቱ ነው። ሰው አገር ለዚህ ሥራ ላቦራቶሪ አለ። የተሰመረ ሰሌዳ ይሰቀላል፣ መብራት ይለካል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ማስታወሻ ይይዛል። እኛ ግን እግዜር ይስጣቸው ጥበቃዎች አሉን። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የወረደ ሰው፣ አምስት ሳንቲም ሳይከፍል ሙሉ ምርመራ ይደረግለታል።

የያዝኩት ሶኒ ኤ7 ፎር ነው። ሚረርለስ ከሚባሉት። በድሮዎቹ ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ሆድ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልሰው መስታወት እዚህ የለም። ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሴንሰር የሚያየውን፣ ዓይንህን በምትለጥፍበት ቪውፋይንደር ውስጥ ያለች ትንሽ ስክሪን በቀጥታ ታሳይሃለች። ፎቶው ጨለማ ይሁን ብርሃን የበዛበት፣ ገና ቁልፉን ሳትነካ ታውቀዋለህ። በተለይ እዚህ ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲያርፍበት የጀርባው ስክሪን ምንም አያሳይህም፤ ዓይንህን ቪውፋይንደሩ ላይ ስትለጥፍ ግን ሁሉም ቁልጭ ይላል።

መስታወት ስለሌለ ደግሞ የሚገላበጥ ነገር የለም። ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋውን ሻተር ኤሌክትሮኒክ ላይ ካደረግከው ጭራሽ ድምፅ አያሰማም። ማንንም ሳልረብሽ አነሳለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የአዲስ አበባ ጥበቃ የሚሠራው በጆሮው አይደለም። የሌንሱን ክዳን ገና ስታላቅቅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማዋል።

"ወንድም! ወንድም! ማንሳት አይቻልም!"

እዚህ ላይ ማስተዋላቸውን ሳላደንቅ አላልፍም። አጠገቤ አንዲት ልጅ ያንኑ ሕንፃ፣ ያንኑ በር፣ ጥበቃውን ራሱን ጨምራ በስልኳ ቲክቶክ ላይቭ ገብታለች። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ልክ ነው። ስልክ ሦስት ሌንስ ቢደረደርበትም ያው ስልክ ነው፤ ሰላይ በስልክ አያነሳም። ሰላይ የሚታወቀው ትልቅ ጥቁር ካሜራ ይዞ፣ የካምፓኒው ስም በትልቁ የተጻፈበት ማንገቻ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ በጠራራ ፀሐይ አስፋልት ዳር ሲንበረከክ ነው።

የዚህ ካሜራ ትልቁ ወሬ ዓይን አያያዙ ነው። የሰው፣ የእንስሳና የወፍ ዓይን ለይቶ ፎከስ ያደርጋል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም ይላሉ። ይህን ለመፈተን ወደ አንተ በፍጥነት የሚመጣ፣ መሃል ላይ አቅጣጫ የሚቀይር፣ ፊቱ ላይ ስሜት የሚነበብ ሰው ያስፈልጋል። ሞዴል ብትከራይ እንዲህ ያለ ትወና አታገኝም። ጥበቃው ከወንበሩ ብድግ ሲል ፎከሱ የት እንደያዘ የምታሳየው ትንሿ አረንጓዴ ሳጥን ዓይኑ ላይ ዐረፈች። ኮፍያውን ወደ ታች ሳብ አደረገ፤ አለቀቀችውም። በሁለት መኪና መሃል ሾልኮ መጣ፤ ተከተለችው። ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ እጁ አንድ ዓይኑን ሸፈነው፤ ወደ ሌላኛው ተሻገረች። ካሜራው በሰከንድ እስከ 10 ፎቶ ያነሳል፤ እኔም ጣቴን አላነሳሁም። የመጨረሻው ፎቶ ላይ ያለው መዳፉ ብቻ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ የመዳፉ መስመሮች አንድ በአንድ ይታያሉ።

ሴንሰሩ ላይ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ነገርም አለው። ይህን የፈጠሩት ጃፓኖች ጆሮው ሥር ፊሽካ የተነፋበት ሰው አስበው መሆን አለበት።

ድምፅ አልባው ሻተር ጣጣ አያጣም። ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየመስመሩ ስለሚያነበው የሚሮጥ ነገር ይንጋደድበታል። አንዷ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ወደ ኋላ የተጋደመች መስላ ወጣች። የሱቆቹ የኤልኢዲ ማስታወቂያዎች ላይም ጥቁር ጥቁር መስመር ጣለበት። ለጥበቃው ላሳየው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። መኪና እያጣመመ የሚያነሳ ሰው በምን ይመለሳል?

ስለ ሌንስ ስናወራ ባለሙያዎች በሚሊሜትር ይለካሉ። እዚህ የሚለካው በጥበቃ ነው። ትንሿን 35 ስትገጥም አንድ ጥበቃ ይመጣል፤ እሱም ቀስ ብሎ። ከካሜራው ጋር አብሮ በሚመጣው 28-70 አንድ ጥበቃና አንድ ፓርኪንግ የሚሠራ ልጅ። ሩቁን አቅርቦ የሚያነሳውን ነጩን 70-200 ከጓደኛዬ የተዋስኩ ቀን አለቃቸው በሬዲዮ ተጠሩ።

አለቃውም ደብዳቤ ጠየቁኝ። ከሚመለከተው አካል።

"የሚመለከተው አካል ማነው ጋሼ?"

"እሱን የሚመለከተው አካል ይነግርሃል።"

ጥበቃውን ብቻ ማመስገን ግን ግፍ ነው። ነገሩ የደሞዝ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልደረሰ። ሕዝቡ አለ። ሊስትሮው ብሩሹን አስቀምጦ ይመጣል፤ አንድ እግሩ የተቀባ ደንበኛም ይከተለዋል። ሎተሪ አዟሪው ይቆማል። ስብሰባ የረፈደበት ባለ ከረባት ሳይቀር ሰዓቱን እያየ ይቆማል።

"ምንድነው የሚያነሳው?"

"እንጃ። ሕንፃ ነው መሰለኝ።"

"ሕንፃ ምን ይሠራለታል?"

"ይሸጠዋላ።"

"ሕንፃውን?"

"ፎቶውን ነው እንጂ!"

"ለማን?"

የዚህን መልስ ከሁሉም በላይ እኔ ነበርኩ በጉጉት የጠበቅኩት።

ለገሃር ወርጄ የይሁዳ አንበሳን ላነሳ ስል ደግሞ አንድ መንገደኛ አባት ጠጋ ብለው "ተው ልጄ፣ ነገር ታመጣለህ" አሉኝ። ይህ አንበሳ በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የቆመ ነው። ጣሊያን ወርሮ ሲገባ ሐውልቱን ራሱን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ "ወንድም፣ ፈቃድ አለህ?" ያለው ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም። አሁን ግን እንኳን አንበሳው ምስሉም አይሄድም።

ካሜራውን የጠሉት እንዳይመስላችሁ። የሠርግ ፎቶግራፈር የሆነ ጓደኛዬ ምስጢሩን አካፍሎኛል፤ ሙሽራ ይዘህ ሂድ። እውነቱን ነው። አንድ ቅዳሜ እኔ የተባረርኩበት በር ላይ ሚዜዎች ከነሊሞዚናቸው ቆሙ። ሦስት ካሜራ፣ መብራት፣ ብርሃን ፊት ላይ የሚመልሰው ሪፍሌክተር ወረደ። መንገዱ ተዘጋ። ጥበቃው ሮጦ መጣ፤ መጣና ሪፍሌክተሩን ያዘላቸው። "ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በሩ እንዲታይ" እያለ ሙሽራዋን ሲያስተካክል በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ካሜራ ለምትገዙ ሁሉ፣ ከትራይፖድና ከተጨማሪ ባትሪ በፊት ሙሽራ ግዙ።

ባትሪ ካነሳን አይቀር፣ አንዱ በቪውፋይንደር 500 ገደማ ፎቶ ያነሳል ይላል መመሪያው። ሚረርለስ ባትሪ ይበላል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እስካሁን አልቆብኝ አያውቅም። ሃምሳ ሳልሞላ የሚያስቆመኝ ስላለ።

አቧራም አለ። መስታወት ስለሌለ ሌንስ ስትቀይር ሴንሰሩ ፊት ለፊት ይጋለጣል፤ ከተማዋ ደግሞ በየአቅጣጫው እየተቆፈረች ነው። ካሜራው ሲጠፋ ሻተሩ እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል። አድርጉት።

ያ መዳፉን ያነሳሁት ጥበቃ የመጨረሻውን ፈተና ሰጠኝ። "አጥፋው" አለኝ። አጠፋሁ። "እሱንም።" አጠፋሁ። አንገቱን በትከሻዬ በኩል አስግጎ አንድ በአንድ አስጠፋኝ። ይህ ካሜራ ሁለት ሜሞሪ ካርድ ይይዛል፤ አንዱ ላይ የሚጽፈውን ሌላውም ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። ስለዚህ ጉዳይ ጥበቃው አልጠየቀኝም፤ እኔም ወሬ አላበዛሁም።

ኮፍያውን ዝቅ ያደረገበት ፎቶ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘኝ።

"ቆይ ቆይ። ይሄ እኔ ነኝ?"

"አንተ ነህ።"

ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ግራ ቀኙን ቃኘና ኮቱን አራገፈ። "እንግዲህ ካነሳህ አይቀር አስተካክለህ አንሳኝ።" ኮፍያውን አቃንቶ ቆመ። ሁለት ሦስት አነሳሁ፤ ከወገብ በላይ፣ ጀርባው ደብዘዝ ብሎ፣ የሚያምር። አሳየሁት። ፊቱ ጠቆረ።

"ሕንፃውስ?"

"ማንሳት አይቻልም አላልክም?"

"አሁን እኮ እኔ አለሁ።"

ወደ ኋላ ሄድኩ። "ጨምር፣ ጨምር" አለኝ፤ አስፋልቱ ጫፍ ላይ እስክደርስ። ሊስትሮውን ከፊት ለፊት አስነሳልኝ። ሎተሪ አዟሪውን ገለል አደረገው። ቴሌግራም ላይ ስልክለትም "እንደ ፎቶ አትላከው ይደበዝዛል፣ ፋይሉን ላክ" ብሎ አስጠነቀቀኝ። ዕውቀቱ አስደነቀኝ። ፋይሉ 33 ሜጋፒክስል ነው። አሁን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አዳርሶታል፤ ስታሰፉት የሕንፃው መስኮቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አንድ ሰውዬ መጋረጃውን ገልጦ እኔን በስልኩ ሲቀርጸኝ ይታያል።