ጅቡቲ የወረደ ኮንቴይነር ሁሉ በራሱ ሞጆ አይመጣም

ሰላም የአዳማ ነጋዴዎች። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ «ባቡር አለ፤ ጅቡቲ የወረደ ኮንቴይነር ሁሉ በራሱ ሞጆ ደረቅ ወደብ (አገር ውስጥ ያለው የኮንቴይነር መቀበያ) ይመጣል፣ እኛ እዚሁ ቁጭ ብለን መጠበቅ ነው» ስትሉ አይቻለሁ። ይህ ልክ አይደለም፤ ሰው ከማክሰሩ በፊት ቢታረም ብዬ ነው።

ባቡሩስ እውነት ነው። በአውሮፓውያኑ 2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ መስመር ከአዲስ አበባ አቅራቢያ ተነስቶ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ይደርሳል። ግን ዕቃው ሞጆ የሚመጣው ሐዲድ ስላለ ሳይሆን ውል ስላለ ነው።

በመልቲሞዳል ከተጫነ አጓጓዡ እስከ ሞጆ ድረስ በአንድ ሰነድ ኃላፊነት ይወስዳል። በዩኒሞዳል ከሆነ ግን የመርከቡ ኃላፊነት ጅቡቲ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ትራንዚተር (የጉምሩክና የወደብ ጉዳይ አስፈጻሚ) ይዞ ዕቃውን ከወደብ ማስወጣት፣ መኪና ወይም ባቡር መፈለግ የአስመጪው ሥራ ነው።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንጉን (አጓጓዡ የሚሰጠውን የጭነት ሰነድ) አውጡ። «ፖርት ኦፍ ዲስቻርጅ» (ማራገፊያ ወደብ) የሚለው ቦታ በሁለቱም የጭነት ዓይነት ጅቡቲ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። እናንተ «ፕሌስ ኦፍ ዴሊቨሪ» (ማስረከቢያ ቦታ) የሚለውን እዩ። ሞጆ ካለ ጥሩ። ባዶ ከሆነ ወይም ጅቡቲ ካለ ዛሬውኑ ለአጓጓዡ ደውሉ። እንዲያውም ዕቃው ሳይጫን ረቂቁን አስልካችሁ ብታዩት ይሻላል።

ያለበለዚያ እናንተ አዳማ ስትጠብቁ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ይቀመጣል። የማከማቻውና የዲመሬጁ (ኮንቴይነሩን የማዘግየት ክፍያ) ሒሳብ በየቀኑ ይቆጥራል፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ።