እስከ 130 ይችላል

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሐዋሳ፣ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሜ ባጃጅ እጠብቃለሁ። አጠገቤ ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ አለ። አላናገርኩትም። እሱ ግን ከእግሬ እስከ ራሴ በዓይኑ ለካኝና፣ በጣም በሚያጽናና ድምፅ፣ "አይዞዎት ጋሼ፣ እስከ 130 ኪሎ ይችላል!" አለኝ።

አይዞዎት! ለቅሶ ቤት የገባሁ ይመስል። ቆሎ ሻጯ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሦስት መንገደኞች ዞሩ፤ ሁለቱ ሆዴን አዩ፣ አንዱ ሚዛኑን። ለሚዛኑ ያዘነ መሰለኝ።

ልጁ ምን ያድርግ፣ ያደገው እኛ መሃል ነው። እኛ ሰው ስናገኝ ከ"ደህና ነህ?" ቀጥለን የኪሎ ዜና እናነባለን። ከወፈርክ "ምን ተገኘ? ተመቸህ!"፤ ከከሳህ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?"፤ ባለህበት ከቆየህ ደግሞ "አንተ ግን አትለወጥም?" ለሰላምታ የሚመች ኪሎ እስካሁን አልተገኘም።

እኔ ሁለቱንም ሞክሬዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ቀጭን ነበርኩ። "ስንጥር" ብለው ስም ያወጡልኝ የስፖርት አስተማሪያችን ናቸው። ገመድ ጉተታ ሲሆን "ስንጥር፣ አንተ ሰዓት ያዝ" ይሉኝ ነበር፤ ሰዓት ግን አልነበረኝም። ስሙ ሰፈር ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ጓደኞቼ በር ላይ "ስንጥር አለ?" ሲሉ እናቴ ራሷ "ገበያ ልኬዋለሁ" ብላ መመለስ ጀመረች። አምና አስተማሪውን ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ ውስጥ፣ ዓሣ ሲበሉ አገኘኋቸው። አላወቁኝም። "ስንጥር ነኝ" አልኳቸው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸውን ጠርገው፣ "አሁንማ ግንድ ሆነሃል!" አሉኝ። የዓሣቸውን ሂሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

"መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። አባቶች የሚሉን መልክ ሲጎድል ስም ይሙላበት ነው። እኛ ግን መልኩ ደህና የሆነውን ሰው በስም እንገፈትረዋለን። እዚያው አሞራ ገደል አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ አይታችሁት ይሆናል፤ ራሱ መላጣ፣ እግሩ ሸንበቆ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት። ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ከረጢት ይመስለኛል። የዓሣ አንጀት ሲጣል ለቀም አድርጎ፣ ከእንግዳ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ይውላል እንጂ "ምነው እግርህ ከሳ?" የሚለው የለም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ቢሯችን ውስጥ አንዲት ባልደረባ አለችን። ስትወልድ አራስ ልንጠይቅ ሄድን። ገንፎው በቅቤ ተጥለቅልቆ፣ አጥሚቱ በፔርሙዝ ሞልቶ፣ "ጠጪ እንጂ፣ አራስ አይደለሽ!" እያሉ ሲያስጨንቋት በዓይኔ አይቻለሁ። ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ እነዚያው ሰዎች በር ላይ "ውይ! ገና አልቀነስሽም?" አሏት። ያን ሁሉ ገንፎ ማን አጎረሳት? ከጎኗ የምትቀመጠውን ቀጭኗን ደግሞ "ትንሽ ሥጋ ብታወጪ ባል ይገኝ ነበር" ይሏታል፤ ባል በኪሎ የሚሸጥ ይመስል። ይህን የሚናገሩት የክፍል ኃላፊያችን ስብሰባ ሲገቡ ቦርጫቸው ይቀድማቸዋል። የእሳቸው ግን ቦርጭ አይባልም፣ ግርማ ሞገስ ይባላል።

ሰሞኑን ደግሞ የእህቴ ልጅ በስልኩ ያሰላኝ ጀምሯል። ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። 94 ኪሎ፣ 1 ሜትር ከ72፤ 31.8 ወጣ። ከ30 በላይ ስለሆነ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው አለኝ፣ ፈተና እንደ ወደቀ ተማሪ እያየኝ። ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1832 ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጅየማዊ ነው። ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ የሒሳብና የከዋክብት ሰው ነው፤ የሚፈልገውም የሕዝብን አማካይ እንጂ የኔን ቦርጭ አልነበረም። "ቦዲ ማስ ኢንዴክስ" የሚለውን ስም ያወጣለት ደግሞ አሜሪካዊው አንሴል ኪስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1972። ቅጽል ስም ማውጣት የእኛ አገር ሙያ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የደም ግፊቴን ነገር ሐኪሜ ይንገረኝ፣ እሰማለሁ፤ እሱ በሩን ዘግቶ ነው የሚነግረኝ።

ልጁን ረሳሁት። ባጃጁ ከመምጣቱ በፊት ሰው ስለ ሰውነቱ ሳይጠይቅ እንደማይነገረው ላስረዳው ጎንበስ አልኩና፣ ከአፌ የወጣው፣ "አንተ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? ትበላለህ ግን?" የሚል ሆነ።

"31 ኪሎ ነኝ ጋሼ" አለኝ፣ ምንም ሳይከፋው። "ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ እኔ እወጣበታለሁ። 31 ካለ ሚዛኑ ደህና ነው ማለት ነው።"