ከላይኛው መደርደሪያ የሚረግፍ ፍርፋሪ

ሐዋሳ የቅዱሳን ከተማ መሆኗን ያረጋገጥኩት ባለፈው ረቡዕ ነው። ሳምንቱ ራሱ ቅድስት ነበር። ከሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ሁለተኛው ሳምንት በዚህ ስም እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ስም ደግሞ ያለ ምክንያት አይወጣም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል ፒያሳ አካባቢ፣ ከገብርኤል ብዙም ሳልርቅ፣ አንድ ካፌ ገባሁ። የጾም ማኪያቶ አዘዝኩ። አጠገቤ አንድ ጋሼ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ከመታጠቢያ ሳይሆን ከሰማይ የወረደ ይመስላል። እንዲህ ዓይነት ሰው በየሰፈራችሁ ስላለ ብዙ አልገልጻቸውም።

"የኔ እህት፣ ይሄ ኬክ የጾም ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"እንቁላል የለውም?"

"የለውም ጋሼ።"

"በምንድነው የምትቆርጡት?"

"ለብቻው ቢላዋ አለው ጋሼ።"

ተራ ምእመን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔማ "የጾም" ስትለኝ ነው ያቆምኩት። ጋሼ ግን ገና መጀመራቸው ነበር።

"የፍስኩ ኬክ የት ነው የሚቀመጠው?"

"ላይኛው መደርደሪያ ላይ።"

"የጾሙስ?"

"ከሥሩ።"

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። "ታዲያ ፍርፋሪው ወደ ታች አይረግፍም?"

ልጅቷ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። የመሬት ስበት ጾም ሊያስገድፍ እንደሚችል በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አስቤ አላውቅም። ጋሼ ተነሡ። የስልካቸውን መብራት አብርተው ፍሪጁ ፊት ቁጢጥ አሉ። መደርደሪያው መስታወት መሆኑን አዩ። ጠርዙ ላይ ክፍተት አገኙ። በጣታቸው ለኩት። ትንሽ ጣታቸው ገባች። ከዚያ መቆንጠጫው መጣ፤ ለብቻው ነው ተባለ። ከዚያ የሚቆርጠው ልጅ እጅ ተነሣ።

"ታጥቧል?"

"ታጥቧል ጋሼ።"

"በምን?"

"በሳሙና።"

"ሳሙናው ሞራ የለበትም?"

እውነቴን ነው፣ ልጨብጣቸው ፈልጌ ነበር። ገዳም ገብተው ጥሬ የሚቆረጥሙ አባቶች እንኳ ይህን ያስቡት አይመስለኝም። በዚህ ከተማ "ዓሣ ፍስክ ነው ወይስ ጾም?" የሚለው ክርክር ሐይቁ እስካልደረቀ አይቆምም። ሳሙና ላይ የደረሰ ግን አላየሁም።

በመጨረሻ ኬኩ ቀረበ። ጋሼ አማተቡ። ስልካቸው ጠራ።

ድምፁ ጎላ ያለ ስልክ ነው። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ሦስት ወር ሞላኝ እኮ" የሚል የልጅ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ቁራሿን ዋጡና፣ "አሁን ሐዋሳ የለሁም፤ ሞጆ ነኝ" አሉ። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በአንድ ጉርሻ! "ደሞዝሽ የት ይሄዳል? ከፋሲካ በኋላ አላልኩሽም?" በዚህ መሃል ከገብርኤል የቅዳሴው ድምፅ በማጉያ ሲመጣ፣ ጋሼ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ሞጆ ድረስ እንዳይሰማ መሆኑ ነው።

ሦስት ወር! ልብስ አጥባ፣ ልጅ አዝላ፣ እሳቸው የሚገድፉበትን ሽሮ እሷው ሠርታ! ይህች ልጅ እናቷ ገጠር ሆና ብር የምትጠብቅ ናት። "ቅዱሳን ሁኑ" የሚለውን ቃል በየመኪናው መስታወት ትለጥፋላችሁ። ዘሌዋውያን 19 ነው። እዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ፣ የሠራተኛው ዋጋ እስከ ነገ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። እስከ ነገ! እስከ ፋሲካ አይልም። ሰው እየዘረፉ ጾም የለም!

ይቅርታ። ማኪያቶው ሳይሆን አይቀርም።

ለማንኛውም ጋሼ ብቻቸውን እንዳልሆኑ መመስከር አለብኝ። በዚያው ሰሞን ከመናኸሪያ ወደ አቶቴ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ የተሳፈረ አንድ ወንድም ነበር። የኔ ቤተ እምነት አባል አይደለም፤ ቅድስናው ግን ከማንም አያንስም። "ዓለማዊ ዘፈን አልሰማም፣ አጥፋልኝ" አለ። ሾፌሩ አጠፋ። ወንድም ሲወርድ ግማሽ ሒሳብ ሰጥቶ "ጌታ ይባርክህ" ብሎ ሄደ። ሾፌሩም ዘፈኑን መልሶ ከፈተው። ምን ያድርግ፣ በረከት ነዳጅ አይሞላም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ስልኩ ደግሞ ጠራ። አሁን ሻሸመኔ ደርሰዋል። መንገዱ ዝግ ነው፣ ማታ ስገባ ትጠይቂኛለሽ ብለው ዘጉት። ወደ ፍሪጁ ዞር አሉ።

"የኔ እህት፣ ለቤት አራት ጠቅልዪልኝ።"

"እሺ ጋሼ።"

ልጅቷ ወረቀት ልታመጣ ስትሄድ ከኋላዋ ጠሯት።

"ወረቀቱ ግን... ቅቤ የሚጠቀለልበት አይደለም አይደል?"