በባዶ ሆድ የመጣ ሰው አልነቅስም

ነገሩን ያስነሳችው የመጀመሪያ ንቅሳቷን ልትነቀስ ቀጠሮ የያዘች ልጅ ናት። «ከመሄዴ በፊት ምን ልብላ?» አለች። ለእሷ ተራ ጥያቄ ነበር። አጠገቧ የነበሩት ሦስት ሰዎች ግን በዚህ ጉዳይ የየራሳቸው የጸና አቋም ነበራቸው። አንዷ ለዓመታት ሰው ስትነቅስ የኖረች ባለሙያ ናት። አንዱ እጆቹና ጀርባው በንቅሳት የተሞላ ሰው ነው። ሦስተኛዋ ነርስ ናት።

መጀመሪያ የመለሰላት ባለንቅሳቱ ነው።

«ምንም አትብዪ» አላት። «እኔ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው የምጠጣው። ማታ ስልኬን እዘጋለሁ። ጠዋት ገላዬን ታጥቤ፣ ለዚያ ቀን ብቻ የማስቀምጣትን ቲሸርት ለብሼ፣ ከማንም ሳላወራ እሄዳለሁ። ንቅሳት ዕድሜሽን ሙሉ አብሮሽ የሚኖር ነገር ነው። ከቁርስ ላይ ተነስተሽ፣ አፍሽን ጠርገሽ የምትገቢበት አይደለም። ረሃቡ ነው የሚያዘጋጅሽ።»

አነጋገሩ ልብ ይነካል። ልጅቷም ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ይህን የሚለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ከልቡ ያምንበታል።

የነቃሿ ፊት ግን ተለወጠ። «እኔ በባዶ ሆድ የመጣ ሰው አልነቅስም» አለች። «ወይ በልቶ ይመለሳል፣ ወይ ቀጠሮው ይቀየራል።»

«እኔን የሚነቅሰኝ ሰው አንድም ቀን ምን በላህ ብሎኝ አያውቅም።»

«መጠየቅ ነበረበታ!»

ከዚያ አንድ ታሪክ ነገረችን። ደረቱ የሰፋ፣ ጡንቻው የፈረጠመ ጎረምሳ መጣ። በልተሃል ወይ ስትለው አዎ አላት። ገና ትንሽ መስመር እንደተሰመረ ፊቱ ነጣ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «ውሃ…» ብሎ ሳይጨርስ ከወንበሩ ላይ መንሸራተት ጀመረ። በአንድ እጇ ማሽኑን አርቃ፣ በሌላው ደግፋ ያዘችው። በኋላ ሲጠየቅ ከትናንት ምሳ ወዲህ ምንም አልቀመሰም። «ጭንቅላቱ ወለሉ ላይ ቢያርፍስ? መርፌው ቆዳው ውስጥ እያለ ቢሆንስ?» አለች። ስታወራው እንኳ ድንጋጤው ገና አልለቀቃትም።

ነርሷ እዚህ ላይ ገባች። ሁለቱንም ነው ያረመቻቸው።

«ራስን መሳት የረሃብ ጉዳይ ብቻ አይደለም» አለች። «ሰው ሲያመው፣ ሲፈራ፣ መርፌ ወይም ደም ሲያይ ቫገስ የሚባለው ነርቭ ከልክ በላይ ሊነቃ ይችላል። ያኔ የልብ ምት ይቀንሳል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ። የደም ግፊት በድንገት ይወርድና አንጎል ለአፍታ በቂ ደም ያጣል። የበላ ሰውም ሊወድቅ ይችላል። ያልበላ፣ ውሃ ያልጠጣ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን ይበልጥ የተጋለጠ ነው።»

ወደ ልጅቷ ዞረች። «ከመምጣቱ በፊት ምልክት ይሰጥሻል። ያልብሻል፣ ያቅለሸልሽሻል፣ ዓይንሽ ይጨልማል፣ ጆሮሽ ይጮኻል። አፍረሽ እንዳትችዪው። ወዲያው ተናገሪ። ተጋድመሽ እግርሽ ከፍ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። መርፌ ሲያዩ የሚወድቁ ሰዎች ደግሞ የጭናቸውንና የክንዳቸውን ጡንቻ ጠበቅ ሲያደርጉ የደም ግፊታቸው እንዳይወርድ ይረዳቸዋል።»

ባለንቅሳቱ አልተረታም። «እኔ ወድቄ አላውቅም» አለ። «ይህን ነገር ደግሞ እኔ አልፈጠርኩትም። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ፊታቸውን ሲነቀሱ ምግብ በእጃቸው አይነኩም ነበር።»

የነቃሿን መልስ በጣም ነው የወደድኩት። «እውነት ነው፣ በእጃቸው አይነኩም» አለችው። «የሚነቀሰው ሰው ታፑ ይሆናል፤ የተቀደሰ፣ የተከለለ ማለት ነው። ግን ማን አስራባቸው? ኮሬሬ የሚባል አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ የሆነ የእንጨት ዕቃ ነበራቸው። ፊታቸውና ከንፈራቸው ሲያብጥ ፈሳሽ ምግብ በእሱ በኩል ወደ አፋቸው ይፈስላቸው ነበር። ዛሬም ሙዚየም ውስጥ አለ። ተመልከተው፤ ጌጥ ተቀርጾበታል። አየህ፣ አንተ የምታከብራቸው ሰዎች ለተነቃሹ መመገቢያ ይህን ያህል ተጨንቀውለታል።»

ትንሽ አሰበና ሌላ መንገድ ያዘ። ረሃቡ ቆዳውን እንደሚያነጻለት፣ ቀለሙ እንዲቀበለው እንደሚያደርግ ነገረን። ይሄኛውን ነርሷ አልተወችውም።

«ቀለሙ የሚቀመጠው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ። እዚያ ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ህዋሳት አሉ። እነሱ ናቸው ውጠው የሚይዙት። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ አንዱ ህዋስ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም ሌላው መልሶ ይውጠዋል። ንቅሳት የሚቆየው በዚህ ቅብብል ነው። የአንድ ሌሊት ረሃብ እዚያ ምን ይሠራል?»

«አንቺ ስለ ህዋስ ታወሪያለሽ» አላት። «እኔ ስለ ልቤ ነው የማወራው።»

ይህ መልስ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በኋላ እመለስበታለሁ።

ልጅቷ መሀል ገብታ፣ አንድ ጓደኛዋ ለድፍረት ትንሽ መጠጥ ቀመስ አድርጊ እንዳላት ነገረችን። ሦስቱም በአንድ ድምፅ «እንዳታደርጊው!» አሏት። የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። አልኮል የደም ሥርን ያሰፋል፤ ደም ቶሎ እንዳይረጋም ያደርጋል። ቆዳው ሲደማ ነቃሹ መስመሩን በደንብ አያየውም፤ ቀለሙም ከደሙ ጋር ይወጣል። ከሁሉም በላይ የሰከረ ሰው «አዎ» ቢል እሺታው እሺታ አይባልም። አስፕሪንም ተነሳ። ነርሷ እንዳለችው አስፕሪን ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች አንዴ ካሰናከላቸው እስኪሞቱ ድረስ አይመለሱም፤ ይህም ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ሐኪም ያዘዘለት ሰው ግን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥም፤ ሐኪሙን ይጠይቃል። ቡና ብዙ አላከራከረም። የለመደ ሰው የለመደውን ይጠጣ፤ ከቀረበት ራስ ምታቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

የማደንዘዣ ክሬም ነገር ሲነሳ ነርሷ ኮስተር አለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ሊዶኬይን የተባለ ማደንዘዣ ከ4 በመቶ በላይ ያላቸውንና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ ክሬሞችን ሰዎች እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቋል። ሰፊ ቆዳ ላይ ተቀብቶ በፕላስቲክ ሲሸፈን መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል። የልብ ምት ሊያዛባ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። «ቤት ውስጥ ደብቀሽ ተቀብተሽ እንዳትሄጂ» አለቻት።

«ታዲያ ብስኩት ይዤ ልሂድ?» አለች ልጅቷ።

«ያዢ እንጂ!» አለች ነቃሿ። «ሙዝ፣ ጁስ፣ ቸኮሌት፣ የፈለግሽውን። ሁለት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ግለት ይበርዳል። ሰውነትሽ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ቅድም የቻልሽው ሕመም ያኔ ይከብድሻል። ትንሽ ጣፋጭ ነገር ያነቃሻል። ግን እኔ ወንበር ላይ አትበዪም።»

ባለንቅሳቱ ሳቀ። «ቸኮሌት ማን ገደለ?»

«ቸኮሌቱ አይደለም፣ እጇ ነው» አለችው። መርፌው በደቂቃ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ብዙ ሺህ ጊዜ ቆዳን ይወጋል። ደምና ፈሳሽ በዓይን በማይታይ መጠን ወንበሩ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ መብራቱ ላይ ያርፋል። ነርሷ ጨመረችበት። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሥራ ደህንነት ደንብ ለደም መጋለጥ ባለበት የሥራ ቦታ መብላትና መጠጣትን የከለከለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሥራው ይቆማል። የተነቀሰው ቦታ ይሸፈናል። ልጅቷ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ከሥራው ክፍል ወጥታ ትበላለች። ነቃሿም ጓንቷን ትቀይራለች። ይህ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ በአሥር ደቂቃ የሚበላሽ ሥራ የለም።

የሚገርመው፣ በባለንቅሳቱ ሌሎች ልማዶች ላይ ነቃሿ አንድም ቅሬታ አልነበራትም። ዝምታውን ትወደዋለች። ትንፋሹን የሚቆጥር ደንበኛ አላት፤ ጠጠር በመዳፉ የሚጨብጥ አለ፤ አንድ ዘፈን ብቻ እየደጋገመ የሚሰማ አለ። «እነዚህ ሰዎች አይወራጩም» አለች። «እኔም ስሠራ እረጋጋለሁ።»

ከንቅሳቱ በኋላ ስላለው ጊዜ ሲወራ ነገሩ እንደገና ጋለ። ልጅቷ እንቁላልና ዓሣ ቁስል ያመረቅዛል ሲባል ሰምታለች። ነርሷ አልተቀበለችውም። አለርጂ ከሌለብሽ ብዪ አለቻት። ቁስል የሚገጥመው በፕሮቲን ነው፤ ቫይታሚን ሲም ያስፈልጋል። የድሮ መርከበኞች ለወራት ትኩስ ፍሬ አጥተው ሲታመሙ፣ ድሮ የዳነ ቁስላቸው ሳይቀር መልሶ ይከፈት ነበር። ይህን ሲሰማ ባለንቅሳቱም ራሱን ነቀነቀ።

እሱ ግን የመጨረሻ ሥርዓት አለው። ንቅሳቱ ካለቀ በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ባሕር ገብቶ ይዋኛል። አዲሱን ንቅሳት ከውሃ ጋር ማስተዋወቅ ነው ለእሱ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በፍቅር ነው የነገረን።

ነርሷ ሳትቆጣ መለሰችለት። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ታሪክ ነው። የ31 ዓመት ሰው ነው። እግሩን ተነቅሶ በአምስተኛው ቀን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዋኘ። ቪብሪዮ የሚባል፣ በሞቃት የባሕር ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ በቁስሉ ገባ። ጉበቱ ቀድሞም የታመመ ስለነበር ሰውነቱ አልተቋቋመውም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሞተ። «ያንተ ጉበት ጤነኛ ይሆናል» አለችው። «ግን አዲስ ንቅሳት የተከፈተ ቁስል ነው። ላዩ እስኪገጥም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ለብ ባለ የቧንቧ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠበው፣ በንጹህ ነገር መታ መታ አድርገህ አድርቀው፣ ስስ ቅባት ቀባው። ሲያሳክክህ አትከክ፤ ቅርፊቱንም አትላጥ።»

ባለንቅሳቱ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ስለ ባሕሩ መልሶ አልተከራከረም። ስለ ረሃቡ ግን «ያ ሌላ ነው» አለ። እዚያ ላይ ተለያዩ።

አሁን የእኔን ልናገር። እኔ ከነቃሿ ጎን ነኝ። የሚነቀስ ሰው ብቻውን አይደለም። አንድ ሌላ ሰው መርፌ ይዞ ሰዓታት በእሱ ቆዳ ላይ ያጎነብሳል። ተነቃሹ ሲወድቅ የሚደነግጠው፣ የሚደግፈው፣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ «ካልበላህ አልሠራም» የማለት ሙሉ መብት አለው። ባለንቅሳቱ ለልቡ ሲል የሚያደርገው ነገር በሌላ ሰው እጅ ላይ አደጋ ይጥላል፤ ይህን እሱ ሲያነሳው አልሰማሁም።

ግን እሱ «ልቤ» ያለውን ነገር አልንቀውም። ሕመም እንደሚመጣ አውቆ ለሚሄድ ሰው፣ በራሱ እጅ ያለ ነገር ያስፈልገዋል። ስልኩን መዝጋቱ፣ ቲሸርቷ፣ ዝምታው ይህን ይሰጡታል፤ ማንንም አይጎዱም። እንዲያውም ልጅቷ እነዚህን ከእሱ ብትወስድ ደስ ይለኛል። እሱ ረሃቡን ብቻ በምግብ ይተካው። በቀጠሮው ጠዋት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምግብ፣ ራሱ አብስሎ፣ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ ይብላ። ይህን ነግሬው «አንድ አይደለም» አለኝ። አንድ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ቢሆንም ይብላ።

ከእሱ ይልቅ የማዝነው ግን በሚነቅሰው ሰው ነው። ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ሰዓት ጀርባው ላይ ሲሠራ አንዴ እንኳ ምን በላህ አላለውም። ለልጅቷም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ቀጠሮ የሰጣት ሰው ስትደርስ ምን እንደበላች፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ፣ ከዚህ በፊት ራሷን ስታ ታውቅ እንደሆነ ካልጠየቃት፣ ሳትቀመጥ ስለ መርፌው፣ ስለ ጓንቱና ስለ ቀለሙ እሷ ትጠይቀው። መልሱ ካላረካት ሌላ ነቃሽ ትፈልግ።